ዘ ኢነር ማውንቲንግ ፍሌም

«ዘ ኢነር ማውንቲንግ ፍሌም» ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ የተባለው የጃዝ-ሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወደ ላይ የሚወጣው የውስጥ ነበልባል» እንደማለት ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1971 በኒው ዮርክ ከተማ ተቀርጾ በዚያው ዓመት በኖቬምበር በኮሎምቢያ ሬከርድስ አሳታሚነት ወጣ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ በ1963 ዓ.ም. መጨረሻና በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ይውላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አልበሙ ስምንት ሙዚቃዎች አሉት። ሁሉም ያለ ዘፈን በመሣሪያ ብቻ የተሠሩ ሲሆኑ የሁሉም ደራሲ እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ጆን ማክላፍሊን ነው። ፕሮዲዩሰሩም እሱ ነው። ሥራው በጊታር የሚመራ ጃዝ-ሮክ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ያሳየ አልበም ተደርጎ ይቆጠራል። ባንዱን በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ለመበተን ካበቁት ጉዳዮች አንዱ፣ ማለትም «አምስት ሰዎች አብረው የሚጫወቱት ሙዚቃ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄም መነሻው ከዚህ አልበም ሊፈለግ ይችላል።

አመጣጥ

ጃዝ-ሮክ፣ በሌላ ስሙ ፊውዥን (ውህድ)፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ብቅ ያለ የሙዚቃ ዓይነት ነው። የጃዝ ሙዚቀኞች ከሮክ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን፣ ከፍተኛ ድምፅንና ጠንካራ ምትን ወሰዱ። የሮክ ሙዚቀኞችም በበኩላቸው ከጃዝ ኢምፕሮቫይዜሽንን፣ ማለትም ያልተጻፈ ዜማን እዚያው በጨዋታው መሃል መፍጠርን ተማሩ። ከዚህ ዘመን ሥራዎች ሁሉ ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚነሣው የትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ ሁለት አልበሞች፣ «ኢን ኤ ሳይለንት ዌይ» እና «ቢችስ ብሩ» ናቸው። በሁለቱም ላይ ጊታር የተጫወተው ማክላፍሊን ነው።

ማክላፍሊን በ1942 በእንግሊዝ አገር በዮርክሸር ግዛት በዶንካስተር ተወለደ። በ1969 መጀመሪያ ወደ ኒው ዮርክ የሄደው ድራመሩ ቶኒ ዊልያምስ በአዲሱ ባንዱ «ላይፍታይም» ውስጥ እንዲጫወት ስለጋበዘው ነበር። አሜሪካን በረገጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ከማይልስ ዴቪስ ጋር ስቱዲዮ ውስጥ አገኘው። ዴቪስ ወጣቱን ጊታረኛ ምን ያህል እንደወደደው ለመረዳት «ቢችስ ብሩ» ላይ ካሉት ሙዚቃዎች የአንዱን ርዕስ ማየት ይበቃል፤ ርዕሱ «ጆን ማክላፍሊን» ነው። ማክላፍሊን ከጊዜ በኋላ እንደተናገረው የራሱን ባንድ እንዲያቋቁም የመከረውም ራሱ ዴቪስ ነው።

በዚሁ ጊዜ ማክላፍሊን በኒው ዮርክ ይኖር የነበረው ሕንዳዊው መንፈሳዊ መምህር የስሪ ቺንሞይ ተከታይ ሆነ። «ማሃቪሽኑ» የሚለውን ስም ያወጣለት እሱ ነው። ቃሉ በሳንስክሪት «ታላቁ ቪሽኑ» ማለት ሲሆን ቪሽኑ ከሂንዱ እምነት ዋና ዋና አማልክት አንዱ ነው። ስለዚህ የባንዱ ስም በቀጥታ ሲተረጎም «የማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ»፣ ማለትም የጆን ማክላፍሊን ኦርኬስትራ ይሆናል። ነጥቡ ትንሽ ቢመስልም ኋላ ላይ ትርጉም ያገኛል።

በ1971 መጀመሪያ ላይ ማክላፍሊን «ማይ ጎልስ ቢዮንድ» የተባለ አልበም በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ባልሆነ ጊታር ቀረጸ። በዚያ አልበም ላይ ቫዮሊን የተጫወተው ጄሪ ጉድማን ነው፤ ከድራመሮቹ አንዱ ደግሞ ቢሊ ኮብሃም ነበር። ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ የተመሠረተው በእነዚህ ሦስቱ ዙሪያ ነው።

አባላቱ

የባንዱ አባላት አምስት ነበሩ፤ የመጡትም ከአምስት አገር ነው። ቢሊ ኮብሃም በ1944 በፓናማ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ኒው ዮርክ የተዛወረ ነው። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ቡድን ውስጥ አገልግሏል፤ ከፒያኖ ተጫዋቹ ከሆራስ ሲልቨርም ጋር ሠርቷል። ከማክላፍሊን ጋር ቀደም ብሎ በማይልስ ዴቪስ የ«ጃክ ጆንሰን» ቀረጻ ላይ ተገናኝተው ነበር። ጄሪ ጉድማን የቺካጎ ልጅ ሲሆን የመጣው «ዘ ፍሎክ» ከተባለ የሮክ ባንድ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ያን ሐመር በ1948 በፕራግ ተወለደ። የሶቪየት ኅብረት ጦር በ1968 ቼኮስሎቫኪያን በወረረ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሄዶ ቀረ፤ ባንዱን ከመቀላቀሉ በፊት የዘፋኟ የሳራ ቮን አጃቢ ነበር። ባስ ጊታር ተጫዋቹ ሪክ ሌርድ ደግሞ በ1941 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለደ። በወጣትነቱ በኒው ዚላንድ ኖሯል፤ ለንደን ውስጥ በታዋቂው የሮኒ ስኮት የጃዝ ክበብ ለሚመጡ እንግዶች ባስ ይጫወት ነበር።

አምስቱ በአንድ የሙዚቃ ቋንቋ ያደጉ አልነበሩም። ጉድማን ከጃዝ ይልቅ ለሮክ ይቀርባል፤ ሌርድ ንጹሕ የጃዝ ሰው ነው፤ ሐመር ከክላሲካል ትምህርት ጋር የአውሮፓ ጃዝ አለው። አልበሙን ሲሰሙት አምስቱ ተስማምተው አንድ ዓይነት ሆነዋል ለማለት ይቸግራል። ይልቁንም እያንዳንዱ የራሱን ይዞ መጥቶ በማክላፍሊን ዜማ ላይ ተገናኝቷል ማለቱ ይቀላል።

ባንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተጫወተው በጁላይ 1971 በኒው ዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ነው። ወደ ስቱዲዮ የገባው በቀጣዩ ወር ነበር። ቀረጻው እጅግ ፈጣን ነበር ሊባል ይችላል፤ ዛሬ አንድ አልበም ለመሥራት የሚወስደው ጊዜ ሲታሰብማ አስገራሚ ነው። ሙዚቃዎቹ ግን ገና ከመቀረጻቸው በፊት በመድረክ ተለምደው ነበር።

የድምፁ አሠራር

አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ፍጥነቱንና ጩኸቱን ነው። ሁለቱም ያለ ምክንያት አልተደረጉም።

ጊታር ክሩ ሲነካ ድምፁ ይፈነዳና ወዲያው መሞት ይጀምራል። ቫዮሊን ግን በደጋን ስለሚሳብ ተጫዋቹ እስከፈለገ ድረስ ድምፁ ይቆያል። ሁለቱን መሣሪያዎች አንድ ዜማ አብረው ቢያጫውቷቸው ጊታሩ ከቫዮሊኑ ሥር ይጠፋል። ማክላፍሊን ይህን የተወጣው ማጉያውን (አምፕሊፋየሩን) ከአቅሙ በላይ በመጫን ነው። ማጉያ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ሞገድ ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ተጨማሪ ከፍተኛ ድምፆችን ያወጣል፤ የድምፁ መጠንም ቶሎ አይወርድም። በሮክ ሙዚቀኞች ዘንድ ዲስቶርሽን የሚባለው ይህ ነው። ውጤቱ ጊታሩ እንደ ቫዮሊን ረጅም ትንፋሽ ማግኘቱ ነው። ስለዚህ ጊታር፣ ቫዮሊንና ኪቦርድ ሦስቱ አንድን ፈጣን ዜማ በአንድ ድምፅ ሲጫወቱ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ይህ በአንድ ድምፅ መሮጥ (ዩኒሰን) የባንዱ መለያ ሆኗል። እነዚህ ፈጣን ሐረጎች በጨዋታ መሃል የተፈጠሩ አይደሉም፤ አስቀድመው የተደረሱና የተጠኑ ናቸው። ኢምፕሮቫይዜሽኑ የሚመጣው በመካከላቸው ነው።

ሐመር በዚህ አልበም ላይ በዋናነት የሚጫወተው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ነው። ስሙ የገነነበትን ሚኒሙግ ሲንተሳይዘር ከባንዱ ጋር መጠቀም የጀመረው ከሁለተኛው አልበም ወዲህ ነው። እዚህ ግን የፒያኖውን ድምፅ ሪንግ ሞጁሌተር በተባለ መሣሪያ ውስጥ ያሳልፈዋል። የዚህ መሣሪያ አሠራር ቀላል ሒሳብ ነው፤ ሁለት ድምፆችን ተቀብሎ ድምራቸውንና ልዩነታቸውን ያወጣል። ለምሳሌ ከፒያኖው 400 ኸርዝ፣ ከመሣሪያው 150 ኸርዝ ቢገባ የሚወጣው 550 እና 250 ኸርዝ ነው። አዲሶቹ ድምፆች ከፒያኖው ቅኝት ጋር ስለማይዛመዱ ጆሮ የሚሰማው የተሰነጠቀ ደወል ወይም የብረት ኳኳታ የመሰለ ነገር ነው። «ዘ ኑንዋርድ ሬስ» በተባለው ሙዚቃ ውስጥ የሐመር ተራ ሲደርስ የሚሰማው እንግዳ ድምፅ ከዚህ የመጣ ነው። ቴፑ የተበላሸ የሚመስለው አድማጭ ቢኖር አይፈረድበትም።

ምት አቆጣጠር

አብዛኛው የሮክ ሙዚቃ በአራት ይቆጠራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም እንደገና አንድ። በችክችካ ምት ያደገ ጆሮ ደግሞ በሦስት በሦስት የሚከፈል ስድስት ምትን ያለ ችግር ይከተላል። የአልበሙ መክፈቻ ሙዚቃ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከሌሎቹ መካከል ግን በሰባት፣ በዘጠኝና በዐሥር የሚቆጠሩ አሉ። ማክላፍሊን እነዚህን ረጅም ዙሮች የወሰደው በአብዛኛው ከሕንድ ክላሲካል ሙዚቃ ነው። በሕንድ ሙዚቃ ታላ የሚባለው የምት ዙር በአጫጭር ክፍሎች ተከፍሎ ይቆጠራል፤ ተጫዋቾቹ የቱንም ያህል ርቀው ቢሄዱ በዙሩ የመጀመሪያ ምት ላይ ተመልሰው መገናኘት አለባቸው።

ጥሩው ምሳሌ «ዘ ዳንስ ኦፍ ማያ» ነው። ማያ በሳንስክሪት ምትሐት፣ የዓይን ማታለያ ማለት ሲሆን ሙዚቃውም እንደ ስሙ ጆሮን ያታልላል። መግቢያው ላይ ጊታሩ ኮርዶችን ድምፅ በድምፅ እየበተነ ይጫወታል፤ ዙሩ ዐሥር ምት ነው። ድምፆቹ እርስ በርስ ስለማይስማሙ የሚያስፈራ ስሜት አላቸው። ከዚያ ነገሩ ሁሉ በድንገት ይቆምና ሌላ ሙዚቃ የጀመረ ይመስላል፤ እግር የሚያስመታ፣ ማንም የሚያውቀው ዓይነት ብሉዝ። ነገር ግን እግሩን የሚመታ ሰው ትንሽ ቆይቶ መሳሳቱን ያስተውላል፤ የብሉዙ ዙር ሃያ ምት ነውና በለመደው ቦታ ላይ አይወድቅም። መጨረሻ አካባቢ ባንዱ የመጀመሪያውን አስፈሪ መግቢያ በብሉዙ ላይ ደርቦ ይጫወተዋል። ሁለቱ ምንም የማይገናኙ ይመስሉ የነበሩ ነገሮች ያለ ትርፍ ይገጥማሉ፤ የዐሥር ዙር ሁለት ጊዜ ሲሄድ የሃያው ዙር አንድ ጊዜ ይሞላልና። አድማጩ ይህን ሒሳብ ባያውቀውም የመግጠሙ ደስታ ይሰማዋል። ለመቁጠር የሚፈልግ ሰው ከመግቢያው ጊታር ጀምሮ በጣቱ እስከ ዐሥር ቢቆጥርና ብሉዙ ሲመጣ ሳያቋርጥ ቢቀጥል ነገሩን ራሱ ያገኘዋል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በሁለት ሰዎች ላይ ነው። ኮብሃም ረጅሙን ዙር እንደ አራት ምት ሮክ አቅልሎ ይመታዋል፤ ሌሎቹ ሲሮጡ አብሮ ይሮጣል፤ ክፍተት ሲያገኝም ይሞላዋል። ሌርድ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ከአምስቱ ሁሉ ብዙም የማይወራለት እሱ ነው፤ ለራሱ ተራም እምብዛም አይወስድም። አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ሳይታክት ይመላለስባታል። ሌሎቹ አራቱ የፈለጉበት ሄደው የሚመለሱት እሱ ከቆመበት ስለማይነቃነቅ ነው። አልበሙን አንድ ጊዜ ባሱን ብቻ እየተከተሉ መስማት የሙዚቃውን አጥንት ያሳያል።

ሙዚቃዎቹ

ገጽ አንድ፦ «ሚቲንግ ኦፍ ዘ ስፒሪትስ»፣ «ዶን»፣ «ዘ ኑንዋርድ ሬስ»፣ «ኤ ሎተስ ኦን አይሪሽ ስትሪምስ»

ገጽ ሁለት፦ «ቫይታል ትራንስፎርሜሽን»፣ «ዘ ዳንስ ኦፍ ማያ»፣ «ዩ ኖው ዩ ኖው»፣ «አዌክኒንግ»

መክፈቻው «ሚቲንግ ኦፍ ዘ ስፒሪትስ» ቃል በቃል «የመንፈሶች መገናኘት» ማለት ነው። «መናፍስት» የሚለው ቃል በአማርኛ ክፉውን ስለሚያስታውስ እዚህ ቦታ አይስማማም፤ የተፈለገው የሰዎቹ የውስጥ መንፈስ መገናኘት ነው። አምስቱም በአንድ ላይ እያረፉ በሚመቷቸው ከባድ ኮርዶች ይጀምራል። ከዚያ ጊታሩ ብቻውን ክብ የሆነ ሐረግ መዞር ይጀምርና ሌሎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። የባንዱ አሠራር በሙሉ በዚህ አንድ ሙዚቃ ውስጥ ስላለ አልበሙን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

«ዶን» (ንጋት) በሰባት ምት በዝግታ ይጀምርና ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው «ዘ ኑንዋርድ ሬስ» ወደ ቀትር የሚደረግ ሩጫ ነው። በጊታርና በድራም ጥድፊያ ተከፍቶ ቫዮሊኑ፣ ኪቦርዱና ጊታሩ በየተራ ይጫወቱበታል። ሁለቱ ርዕሶች ጎን ለጎን ሲነበቡ ንጋትና ቀትር የአንድ ቀን ጉዞ ይመስላሉ።

ገጽ አንድን የሚዘጋው «ኤ ሎተስ ኦን አይሪሽ ስትሪምስ» ከቀደሙት ሁሉ ይለያል። ድራምም ባስም የለውም፤ ኤሌክትሪክ ያልሆነ ጊታር፣ ቫዮሊንና ፒያኖ ብቻ ናቸው። የሚቆጠር ምት የለውም፤ ሦስቱ እርስ በርስ እየተደማመጡ ይሄዳሉ። የሎተስ አበባ የሕንድ መንፈሳዊ ምልክት ነው፤ ጅረቶቹ ግን የአየርላንድ ናቸው፤ ዜማውም የሁለቱን አገር ጠረን ይዟል። ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራን የፍጥነት ውድድር አድርጎ የሚያየው ሰው ይህን ሙዚቃ ሳይሰማው የቀረ መሆን አለበት።

«ቫይታል ትራንስፎርሜሽን» በኮብሃም ብቸኛ ድራም ይጀምራል። ዙሩ ዘጠኝ ምት ነው። ከአልበሙ ሁሉ ለፈንክ ሙዚቃ የሚቀርበው ይህ ሲሆን ድራም ለሚማሩ ሰዎች እስካሁን የመለማመጃ ሥራ ሆኖ ያገለግላል። ስለ «ዘ ዳንስ ኦፍ ማያ» ከላይ ተነግሯል።

«ዩ ኖው ዩ ኖው» አንድ ዝግ ያለ የጊታር ሐረግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተደጋገመ የሚሄድበት ነው። በሐረጉ መካከል ሆን ተብሎ የተተወ ዝምታ አለ። ኮብሃም በዚህ ዝምታ ውስጥ አንዴ በለሆሳስ፣ አንዴ በድንገተኛ ነጎድጓድ ይናገራል። ጊታሩ፣ ቫዮሊኑና ኪቦርዱም ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ከስምንቱ ሙዚቃዎች ለመጫወት ቀላሉ የሚመስለው ይህ ቢሆንም ከሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው እሱ ሳይሆን አይቀርም። የእንግሊዙ ቡድን ማሲቭ አታክ በ1991 «ብሉ ላይንስ» በተባለው አልበሙ ላይ «ዋን ላቭ» የተሰኘውን ዘፈን የሠራው ከዚህ ሙዚቃ በተወሰደ ቅንጭብ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ስለ ጃዝ-ሮክ ሰምቶ የማያውቅ አዲስ ትውልድ የማክላፍሊንን ጊታር ሳያውቀው ሰምቷል።

አልበሙ የሚያልቀው በአጭሩና በፈጣኑ «አዌክኒንግ» (መንቃት) ነው።

ርዕሱና ሽፋኑ

በስሪ ቺንሞይ ትምህርት ውስጥ ነበልባል ትልቅ ቦታ አለው። የሰው ልጅ ወደ አምላኩ ያለው ናፍቆት በልብ ውስጥ የሚነድና ዘወትር ወደ ላይ የሚወጣ እሳት ተደርጎ ይገለጻል። የአልበሙ ርዕስ የመጣው ከዚህ ነው፤ የሙዚቃዎቹም ርዕሶች አብዛኞቹ ከዚሁ ትምህርት ጋር ይያያዛሉ። ማክላፍሊን በዚያ ዘመን ጸጉሩን በአጭሩ ተቆርጦ ነጭ ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። ከጨዋታው በፊት ተመልካቹን ለጥቂት ጊዜ ዝም እንዲል ይጠይቃል፤ ከዝምታው ቀጥሎ የሚመጣው ግን በጊዜው ከነበሩ ባንዶች ሁሉ ከሚጮኹት አንዱ ነው። ሌሎቹ አራት አባላት የመምህሩ ተከታዮች አልሆኑም።

በሽፋኑ ላይ የተጻፈው የባንዱ ስም ብቻ አይደለም፤ «ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ ከጆን ማክላፍሊን ጋር» ይላል። አሳታሚው በወቅቱ የሚታወቀውን ሰው ስም ከፊት ማድረጉ የንግድ አሠራር ነው። ነገር ግን የባንዱ ስም ራሱ የማክላፍሊን ስም እንደሆነ ሲታሰብ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተጠርቶ የአራቱ ስም ከፊት ገጽ ቀርቷል።

አቀባበል

አልበሙ በቢልቦርድ መጽሔት የአሜሪካ አልበሞች ሰንጠረዥ እስከ 89ኛ ደረጃ ደረሰ። ዘፈን ለሌለውና በዘጠኝና በዐሥር ምት ለሚቆጠር ሙዚቃ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ባንዱ ከጃዝ ክበቦች ይልቅ በሮክ አዳራሾችና በኮሌጆች እየተዘዋወረ ይጫወት ስለነበር አድማጩ በአብዛኛው የሮክ ወጣት ነበር። በ1973 የወጣው ሁለተኛው አልበም «በርድስ ኦፍ ፋየር» በዚያው ሰንጠረዥ 15ኛ ደረጃን ያዘ።

ሁሉም አልወደደውም። ከጃዝ ወገን ጩኸቱ ረቂቅነትን ገደለ የሚሉ ነበሩ፤ ከሮክ ወገን ደግሞ ችሎታን ለማሳየት ሲባል ስሜት ተረሳ የሚል ትችት ይሰማል። ሁለተኛው ትችት ባንዱን ተከትለው ለመጡ ብዙ አስመሳዮች በደንብ ይሠራል። የማሃቪሽኑን ፍጥነት መቅዳት ይቻላል፤ በ«ዩ ኖው ዩ ኖው» ውስጥ ያለውን ዝምታ መቅዳት ግን ያን ያህል አልተሳካም።

የደራሲነት ጥያቄና የባንዱ መበተን

በመጀመሪያው አልበም ላይ የስምንቱም ሙዚቃዎች ደራሲ ማክላፍሊን ተብሎ ተመዘገበ። በ«በርድስ ኦፍ ፋየር» ላይም እንዲሁ ሆነ። በሸክላ ንግድ ውስጥ ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሸክላው በተሸጠና ሙዚቃው በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር የደራሲነት ክፍያ የሚደርሰው ለተመዘገበው ደራሲ ነው፤ አብሮ የተጫወተ ሰው ከዚያ ድርሻ የለውም።

በአንድ በኩል ማክላፍሊን ዜማውን፣ ኮርዱንና የምቱን ዙር ይዞ እንደመጣ አያከራክርም። በሌላ በኩል በእንዲህ ዓይነት ሙዚቃ ውስጥ የተጻፈው ከሚሰማው ጥቂቱ ነው። በ«ዩ ኖው ዩ ኖው» ዝምታ ውስጥ የሚገባው የኮብሃም ድራም፣ የሐመር የደወል ድምፅ፣ የጉድማን ቫዮሊን በወረቀት ላይ አልነበሩም። በሕግ ዓይን ዜማው ድርሰት ነው፤ ድራሙ ጨዋታ ነው። ለአድማጭ ጆሮ ግን መስመሩ እንዲህ ግልጽ አይደለም።

በ1973 ባንዱ ለሦስተኛ የስቱዲዮ አልበም ለንደን በሚገኘው በትራይደንት ስቱዲዮ ሲቀርጽ ሌሎቹም የራሳቸውን ድርሰት ይዘው መጡ። ሐመር «ሲስተር አንድሪያ»ን፣ ጉድማን «አይ ወንደር»ን፣ ሌርድ «ስቴፒንግስ ቶንስ»ን አቀረቡ። አልበሙ ግን በጊዜው ሳይወጣ ቀረ። በምትኩ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ በመድረክ የተቀረጸው «ቢትዊን ነቲንግነስ ኤንድ ኢተርኒቲ» ታተመ፤ በእሱ ላይ ካሉት ሦስት ሙዚቃዎች አንዱ የሐመር «ሲስተር አንድሪያ» ነው። በዚያው ዓመት ሐመርና ጉድማን ቅሬታቸውን ለአንድ የሙዚቃ መጽሔት በግልጽ ተናገሩ። የማያቋርጥ ጉዞ ያመጣው ድካምና በመንፈሳዊ ሕይወት ላይ የነበረው ልዩነትም ተጨምሮበት ባንዱ በ1973 መጨረሻ ተበተነ። የትራይደንቱ ቀረጻ «ዘ ሎስት ትራይደንት ሴሽንስ» በሚል ርዕስ ለሕዝብ የወጣው በ1999፣ ከ26 ዓመት በኋላ ነው። ሐመርና ጉድማን ደግሞ በ1974 ሁለቱ ብቻ «ላይክ ቺልድረን» የተባለ አልበም ሠርተው በትራይደንት የቀሩትን የጉድማንንና የሌርድን ድርሰቶች በውስጡ አካተቱ።

ከዚያ በኋላ

ኮብሃም ገና ባንዱ ሳይበተን በ1973 «ስፔክትረም» የተባለውን የራሱን አልበም አወጣ፤ ኪቦርድ የተጫወተለት ሐመር ነው። ሐመር በ1976 በጊታር ተጫዋቹ በጄፍ ቤክ «ዋየርድ» አልበም ላይ ተሳተፈ፤ በ1985 ደግሞ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልሙ ለ«ማያሚ ቫይስ» የደረሰው ሙዚቃ በአሜሪካ የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ሌርድ ከጊዜ በኋላ ሙዚቃን ትቶ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ በ2021 ዐረፈ።

ማክላፍሊን የባንዱን ስም ይዞ ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር ቀጠለ። በ1974 የወጣውን «አፖካሊፕስ» ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ሲሠራ ፕሮዲዩሰሩ የቢትልስ ፕሮዲዩሰር የነበረው ጆርጅ ማርቲን ነበር። ከዚያ ወዲያ ኤሌክትሪኩን ለጊዜው አስቀምጦ ከሕንድ ሙዚቀኞች ጋር ሻክቲ የተባለውን ቡድን መሠረተ፤ በመጀመሪያው አልበም ላይ ከሩቅ የሚሰማው የሕንድ አቆጣጠር በሻክቲ ዋናው ነገር ሆነ።

በ2017 ማክላፍሊን፣ በዚያን ጊዜ የ75 ዓመት ሰው፣ ከጊታር ተጫዋቹ ከጂሚ ሄሪንግ ጋር በአሜሪካ የስንብት ጉዞ አደረገ። የተጫወቱት የማሃቪሽኑን ሙዚቃ ሲሆን ለጉዞው የተሰጠው ስም የመጀመሪያው አልበም የመጀመሪያ ሙዚቃ ርዕስ፣ «ሚቲንግ ኦፍ ዘ ስፒሪትስ» ነበር።